ስምንት ወር ከግፊት መለኪያው ጋር

ሰላም ለሁላችሁ። ጡረታ የወጣሁ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፣ 71 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ደሴ። እኔ እናገራለሁ፣ ትልቋ የልጅ ልጄ በስልኳ ትጽፋለች። ያልጣማትን «አባባ፣ ይሄ አይጻፍም» እያለች ስለምትዘል የጎደለ ነገር ካገኛችሁ ጥፋቱ የሷ ነው።

የማወራችሁ ስለ አንድ ዕቃ ነው። ክንድ ላይ ታስሮ የደም ግፊት የሚለካው፣ ቁጥር የሚጽፈው ዲጂታሉ። ከገዛሁት ስምንት ወር አልፎታል። ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ ይሠራል፤ የጎረቤቱን ከጨመርን ደግሞ ስንቴ እንደሆነ እንጃ። የአምራቹን ስም አልጠራም። አንደኛ ተከፍሎት ነው እንዳትሉኝ፣ ሁለተኛ ከስሙ ይልቅ ዓይነቱና አለካኩ ነው ቁም ነገሩ። ይህን ያወቅኩት ከስሬ ነው።

ኪሳራውን ላስቀድም። አምና ጤና ጣቢያ ስሄድ «አባባ፣ ግፊትዎ ከፍ ብሏል፣ እቤት እየለኩ ጽፈው ያምጡልን» ተባልኩ። ልጄ ይህን እንደሰማ በሁለተኛው ቀን እጅ አንጓ ላይ እንደ ሰዓት የሚታሰረውን ገዝቶ መጣ። ማማሩስ ያምራል። ኪስ ይገባል፣ እጅጌ መጠቅለል የለ፣ ጣጣ የለ። አሰርኩት፣ 128 አለኝ። ደስ አለኝ። ደስታዬን ለባለቤቴ ላሳያት ብዬ ደገምኩት፣ 151። ሦስተኛ ጊዜ 139። ይሄ የደም ግፊት ነው የቲማቲም ዋጋ?

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። የታሰረበት ቦታ ከልብ ትይዩ መሆን አለበት። ከልብ አሥር ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ቁጥሩ ወደ 8 ገደማ ይጨምራል፣ ከፍ ካለ ደግሞ ይቀንሳል። እጅ አንጓ እንደምታውቁት አንዴ ጭን ላይ ነው አንዴ ደረት ላይ፣ አንድ ቦታ አይረጋም። ተጠንቅቆ ለሚይዘው ሰው ይሠራ ይሆናል፣ ለኔ ግን አልሆነም። አሁን ትንሹ የልጅ ልጄ ሐኪም ሐኪም ይጫወትበታል። ድመቷን ለክቷት ጤነኛ ናት ብሏል።

ሁለተኛውን ራሴ ሄጄ ገዛሁ። ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ነው። እዚያ ያለችውን ልጅ ሳላመሰግናት አላልፍም። ገንዘቤን ከመቀበሏ በፊት የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥታ ክንዴን ለካችኝ። 34 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ በእጇ የያዘችውን ሳጥን መልሳ ሰቀለችና ሌላ አወረደች። ለካ ክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ መጠን አለው። የመጀመሪያው ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነበር፣ ሁለተኛው ከ22 እስከ 42። «ጨርቁ ከጠበብዎት ግፊት ሳይኖር ግፊት ያሳያል አባባ» አለችኝ። ክንዴ ለምን እንዲህ ወፈረ ብላ ስትገረም፣ ልጄ፣ ይሄ ክንድ የመጣው መሪዋ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከሚከብድ ኤንትሬ ነው አልኳት። ኤንትሬ ምን እንደሆነ አላወቀችም። የድሮዋ ፊያት 682 ናት ብላት ዕድሜዋ አይደርስምና ተውኩት።

ዋጋውን ብነግራችሁ እስክታነቡት ይለወጣል። ለበዓል በግ ከምናወጣው ያነሰ ነው ልበላችሁ። የአንድ ዓመት ዋስትና ማኅተም ተመቶበታል። እዚያው አስረው ሞክረው ነው የሰጡኝ። ሳያስሞክራችሁ የሚሸጥ ቤት ካለ ትታችሁ ውጡ።

አሁን አሠራሩን በሹፌር አፍ ላስረዳ። ጎማ ስንለካ መለኪያው ውስጥ ያለው ነፋስ ምን ያህል እንደሚገፋ ይነግረናል አይደል? ይሄም ወንድሙ ነው። ጨርቁ በአየር ይሞላና ክንድ ውስጥ ያለውን ደም ሥር ጥርቅም አድርጎ ይጨቁነዋል። ከዚያ ደም ልለፍ ብሎ ሲታገል ጨርቁ ውስጥ ያለው አየር በየልብ ምቱ ይንቀጠቀጣል። መሣሪያው ያንን መንቀጥቀጥ ነው የሚያነበው። ነርሷ በማዳመጫዋ በጆሮ የምትሰማውን እሱ በንዝረት ያገኘዋል። የላይኛው ቁጥር ልብ ስትገፋ ያለው ነው፣ የታችኛው በሁለት ምት መሃል ስታርፍ ያለው። ሦስተኛው፣ ከታች በኩል ያለው፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመታች።

የሚለካው በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። እኔ ደግሞ ነገር ካልመነዘርኩ አይገባኝም፤ ልጄን አስልልኝ አልኩት። 135 ማለት በመኪና ጎማ ቋንቋ 0.18 ባር ነው አለኝ። የጭነት መኪናዬ ጎማ ወደ 7 ባር ይነፋ ነበር። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ እያልኩ አሰብ ወደብ ስመላለስ፣ 1990 ላይ ጦርነቱ ያንን መንገድ እስኪዘጋው ድረስ፣ በዚያ በረሃ ጎማ ሲፈነዳ ያልደነገጥኩ ሰው ለ0.18 ባር እንቅልፍ አጣሁ! ባለቤቴን ይሄ ነገር ለሁለት ቀን አስቋታል።

የኮምቦልቻው አማቼ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። «እናንተ ተራራ ላይ ናችሁ፣ መለኪያው ደሴ ላይ ያበዛል፣ እኛ ጋ ወርደህ ተለካ» አለኝ። እውነት ነው ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ወርዳለች፤ ሐረጎን የወረደ ጆሮ ያውቀዋል። ግን የግፊት መለኪያ እንደ ጎማ መለኪያ ነው፣ ውጭ ካለው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ ስለዚህ ተራራው ቁጥሩን አያሳስተውም። ብርድ ግን ሌላ ነው። ብርድ ደም ሥርን ያጠባል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የጦሳ ብርድ ሲወርድ የኔ የጠዋት ቁጥር በእርግጥ ጨምሮ ነበር። አሁን ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ነው የምለካው። ክንዱ ብቻ ነው ራቁቱን የሚሆነው።

እሺ፣ ወደ ዋናው ልግባ። የዚህ ዕቃ ትልቁ ችግር ዕቃው ውስጥ የለም፣ ቤት ውስጥ ነው።

ለመለካት ምን እንደሚያስፈልግ ስሙ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ቡና የለም፣ ሲጋራ የለም፣ ሽቅብ ቁልቁል የለም። ሽንት መጨረስ አለባችሁ፤ ፊኛ ሲሞላ ቁጥሩ ይጨምራል። ጀርባ ወንበሩን ይደገፋል፣ ሁለቱም እግሮች መሬት ይረግጣሉ፣ እግር በእግር ላይ መጣል ክልክል ነው። ክንድ ጠረጴዛ ላይ ከልብ ትይዩ ይቀመጣል። ጨርቁ ከክርን ሁለት ጣት ከፍ ብሎ በባዶ ክንድ ላይ ይታሰራል፣ በሹራብ ላይ አይታሰርም። ከዚያ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ። ሲለካም አለመናገር።

አምስት ደቂቃ ዝም! እኛ ቤት ሰባት ሰው ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጄ፣ ምራቴ፣ ሦስት የልጅ ልጆች። አዛኑና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ አንድ ላይ ሲቀሰቅሱን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳል። ምራቴ የልጆቹን ምሳ ዕቃ እየሞላች ካልሲ ትፈልጋለች፣ ትንሹ የአንድ እግር ጫማውን ይዞ ያለቅሳል፣ መካከለኛው የቤት ሥራውን ያን ሰዓት ነው የሚያስታውሰው፣ ልጄ «አባቴ፣ ቁልፌን አላየህም?» ይላል። አይቻለሁ። ሬዲዮኑ ሥር ነው። ግን ብናገር ግፊቴ ይጨምራል፣ ባልናገር ልጄ ሥራ ይረፍድበታል። በጣቴ ጠቆምኩት። እጄን ሳንቀሳቅስ መሣሪያው ስህተት ነው ብሎ ምልክት አሳየና ጨርቁን አስተነፈሰው። እንደገና ሀ ብዬ ጀመርኩ። ሌላ አምስት ደቂቃ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የጻፍኩት ቁጥር ሁሉ የዚያ ጫጫታ ቁጥር ነው እላችኋለሁ። 150፣ 148፣ 156። ምራቴ እያየች ትሳቀቃለች። «አባባ፣ እኛ ነን ያሳመምንዎት መሰለኝ» አለች አንድ ቀን። ኧረ አብሽሪ አልኳት። ግን ውስጤ አዎ ይል ነበር።

መላውን ያመጣሁት ከመኪና ነው። የጫንከው ብረት ከካሶኑ ካለፈ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስራለህ፣ ኋላህ ያለው እንዲጠነቀቅ። እኔም አንድ ቀይ ጨርቅ ፈለግኩና የወንበሬ ጀርባ ላይ ማንጠልጠል ጀመርኩ። ጨርቁ ከተሰቀለ አባባን የሚያናግር የለም። ቤት ቢቃጠል ብቻ። የሚገርማችሁ ከትልልቆቹ በፊት የገባው ትንሹ ነው። ጨርቁን ሲያይ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በእግር ጣቱ ይራመዳል፣ ሌላውን ሁሉ «እሽሽ» ይላል፣ የሱ «እሽሽ» ከሁሉም ድምፅ ይበልጣል። ቢሆንም ቁጥሩ ወረደ። በአንድ ሳምንት 139፣ 136፣ 141 ሆነ። መድኃኒቱ ያው ነው፣ ጨው ያው ነው። የተለወጠው ዝምታው ብቻ ነው።

አንዴ ብቻ ለክታችሁ አትነሱ። አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ ድገሙት፣ ሁለቱንም ጻፉ። ጠዋት መድኃኒት ከመዋጥ በፊት፣ ማታ ደግሞ ከመተኛት በፊት። ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ሲኖር ሰባት ቀን እንዲህ ተለክቶ የመጀመሪያው ቀን ይጣላል፣ የቀረው አማካዩ ይወጣል። ሐኪም ቤት 140 በ90 የሚባለው ድንበር እቤት 135 በ85 ነው፤ ሰው እቤቱ ሲለካ ቀለል ስለሚል። እንደ እኔ ያለው ደግሞ ነጭ ጋዋን ሲያይ ልቡ ይደልቃል። በዚያ ላይ የደሴን አቀበት አስቡት። ቧንቧ ውሃን ወጥቼ፣ እያለከለክሁ ገብቼ፣ ወረፋ ደርሶ «ክንድዎን ያምጡ»። 168! ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል?

ለማንኛውም መሣሪያውን ይዤ ሄጄ ከነርሷ መለኪያ ጋር አስተያይቻለሁ። መጀመሪያ አሳረፉኝ፣ እሷ ለካች፣ ከዚያ የኔው ለካ። ልዩነታቸው 4 ነበር። በሁለቱም ክንዴ ለክታ የቀኙ ስለበለጠ «ከዛሬ ጀምሮ በቀኝዎ ብቻ ይለኩ» አለችኝ። ይህን የነገረኝ ሌላ ሰው አልነበረም። እናንተም የገዛችሁ ቀን አድርጉት።

ስለ ሱስ ላውራ፤ የቡናውን አይደለም፣ የመለካቱን። መጀመሪያ አካባቢ በቀን አሥር ጊዜ እለካ ነበር። ራሴን ትንሽ ከበድ ሲለኝ እለካለሁ። ቁጥሩ ከፍ ሲል እደነግጣለሁ፣ ስደነግጥ ደግሞ ይጨምራል፣ ሲጨምር እለካለሁ። አንድ ቀን ልጄ ዕቃውን ወስዶ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለው። ተቆጣሁ። «ጎማ በየኪሎ ሜትሩ እየቆምክ ትለካ ነበር?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ልጅ አባቱን በገዛ ሙያው ሲገባለት ምን ይባላል።

ከዚያ ደግሞ ቡናው አለ። ረፋድ ላይ ቤታችን ቡና ይፈላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ቆርጦ መሄድ የለም። በልጅነቴ እኛ ቤት ቡና በጨው ነበር የሚጠጣው፤ እኔ እስካሁን ጣዕሙ አፌ ላይ አለ። ባለቤቴ ዱሮ ለኔ ብቻ ቁንጥር ታደርግልኝ ነበር። ግፊቱ ከመጣ ወዲህ ያ ቀረ። ምራቴ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይላል ብላ የሻይ ማንኪያ አምጥታ ጨው ሞላችና በቢላ ጫፉን አስተካክላ አሳየችን። ይቺው ናት የቀኑ ጣሪያ። ባለቤቴ ማንኪያውን አየች፣ ድስቱን አየች፣ ከዚያ ምራቷን አየች። «በርበሬው ሲፈጭ የገባውስ? ሽሮውስ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ሁለቱም ወፍጮ ቤት የሚሄዱት ጨው ተጨምሮባቸው ነው፣ ድስት ላይ ስትጨምሪ ሁለተኛ መሆኑ ነው። በሚቀጥለው ዙር በርበሬው ያለ ጨው ተፈጨ። ወጡ ለአንድ ወር ያህል የሐዘን ቤት ወጥ መሰለኝ። አሁን ለምጄዋለሁ። ውጭ ስበላ ነው የሚመረኝ።

ጎረቤት ቡና ላይ ሲመጣ ክንዱን ጠቅልሎ ነው የሚገባው። ሐጂ ከወዲያ፣ የማዶዋ እማማ ከወዲህ። ክፉ ነገር አይደለም፣ አብሮ መኖር ነው። ችግሩ ይሄ ዕቃ ይናገራል። አዎ፣ ድምፅ አለው፤ ሲጨርስ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል። በምን ቋንቋ? በቻይንኛ! የመጀመሪያ ቀን ሐጂን ስንለካ በዚያ ዝምታ መሃል አንዲት ሴት ከሳጥኑ ውስጥ በቻይንኛ ጮኸች። ሐጂ «አዑዙ ቢላህ» ብለው ክንዳቸውን ሲመነጭቁ ቱቦው ተነቀለ፣ ረከቦቱ ሊገለበጥ ለጥቂት። ለአሥር ደቂቃ ሳቅ ብቻ ሆነ፣ ከሳቁ በኋላ የተለካ ሁሉ ከፍ ያለ ቁጥር አወጣ። ድምፁን የምታጠፋው አዝራሩን ተጭነህ ስትቆይበት ነው። መመሪያው ላይ ያለው በቻይንኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ ይቺ የልጅ ልጄ በስልኳ እያስተረጎመች ነው ያገኘችው። አስመጪዎች ሆይ፣ አንዲት ገጽ አማርኛ ብታስገቡ ምን ትሆናላችሁ? የሚገዛው ሽማግሌ ነው እኮ።

ሌላም እንከን አለው፣ ልንገራችሁ። ሲላቀቅ ጭርር የሚለው ማጣበቂያው የጋቢ ብናኝ ይሰበስባል። በሦስተኛው ወር ሲነፋ ራሱን እየፈታ አስቸገረኝ፤ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ስነሳ ምራቴ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጸዳችውና እንደ አዲስ ያዘ። ስክሪኑ መብራት የለውም፣ ማታ መብራት ከጠፋ በስልክ እያበራችሁ ነው የምታነቡት። አራት ትንንሽ ድንጋይ ነው የሚበላው፤ ርካሹን ከገዛችሁ በሁለት ሳምንት ይጨርሰዋል። ድንጋይ ሲደክም ጨርቁ ግማሽ ድረስ ተነፍቶ ይቆማል፣ እናንተ ደግሞ የኔ ደም ሥር ነው የተበላሸው ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። በስልክ ቻርጀር ገመድም ይሠራል፣ እኔ አሁን በሱ ነኝ።

ሰዓቱም አንድ ሰሞን ጉድ ሠርቶኛል። እኔ በሐበሻ ሰዓት ሞላሁት። ጠዋት 1 ሰዓት ስለካ ለሱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ስለዚህ «የጠዋት አማካይ» የሚለው ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል። በፈረንጅ ሰዓት ሙሉትና በጭንቅላታችሁ ስድስት ቀንሱ። ቀኑም በነሱ አቆጣጠር ነው።

አሁን የምነግራችሁን የልጅ ልጄ ይጻፍ አይጻፍ ብለን ተከራክረናል። ባለቤቴን ጠየቅናት። «ጻፉት፣ ምን አለበት» አለች።

መሣሪያው የሁለት ሰው ማስታወሻ አለው። አንድ እና ሁለት። እኔ አንድ ነኝ። በፊት ጎረቤቱ ሁሉ በኔ ላይ እየተለካ የሐጂ 162 የኔ ተብሎ ሐኪሙ ዘንድ ቀርቦ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንግዳን ስንለካ ወዲያው ማጥፋት ተማርን። ሁለት ቁጥርን ማንም አይነካውም። ባለቤቴ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልለካም ያለች ናት። «እኔ ምን ሆኜ» ትላለች። ስንት ጊዜ ለመንናት። ምራቴ ለምናታለች፣ ሐጂ ሳይቀሩ ለምነዋታል። 66 ዓመቷ ነው። ሦስት ልጅ ወልዳ ያሳደገች፣ እኔ አሰብ መንገድ ላይ በወር አራት ሌሊት እቤቴ ሳድር ቤቱን ብቻዋን የያዘች ሴት ናት፣ ለራሷ ሐኪም ቤት የሄደችበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አንድ ቅዳሜ ይቺ ልጅ ሰዓቱን ልታስተካክል ስትነካካ ሁለት ቁጥር ውስጥ ገባች። አሥራ አንድ ልኬት ተቀምጧል። ሁሉም ማታ፣ 21:40፣ 21:55፣ 22:10። በኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40፣ 3 ሰዓት ከ55፣ 4 ሰዓት ከ10። እኔ መድኃኒቴን ውጬ የተኛሁበት ሰዓት። 158። 164። 161። አንዱ ደግሞ 176 በ98።

ልጅቷ ቀስ ብላ ነው ያሳየችኝ። እኔም ዝም አልኩ። ማታ የተኛሁ መስዬ ቆየሁ። ልጆቹ ሲተኙ፣ ምራቴ ወደ ክፍሏ ስትገባ፣ ባለቤቴ ሳሎን ሄደች። መብራት አላበራችም። የጨርቁን ጭርር የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ የሞተሯን። ተነሳሁና በሩ ላይ ቆምኩ። ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደግፋ፣ ሁለት እግሯን መሬት አድርጋ፣ ክንዷን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ልክ እኔ እንደማደርገው፣ እንዲያውም ከኔ አስተካክላ ተቀምጣለች። ቀዩን ጨርቅ ሰቅላለች። ለማን ነው የሰቀለችው? ሁሉም ተኝቷል። ጨርቁ ስለተሰቀለ አላናገርኳትም። እስክትጨርስ ጠበቅሁ።

ስትዞር አየችኝ። «ምነው፣ አልተኛህም?» አለች። አልተኛሁም አልኳት። ለምን እንደደበቀች ጠየቅኳት። «አንድ ቤት ውስጥ ሁለት በሽተኛ ከሆነ ልጅቷ ትሰለቻለች» አለች፣ ምራታችንን ማለቷ ነው። ደግሞ ጨው የሌለው ወጥ የሚሠራው ለኔ ተብሎ ነው፣ እሷም ያንኑ ትበላለች፣ ይበቃኛል ብላ አስባለች።

ምራቴ ጠዋት ስትሰማ አለቀሰች። ከዚያ ተቆጣች። ከዚያ ነጠላዋን ለብሳ ይዛት ወረደች። ሰኞ ዕለት ነው። 180 በ120 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በተለይ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ወይም የአፍ መንጋደድና የእጅ መዛል ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ወዲያውኑ ይኬዳል። የሷ እዚያ አልደረሰም ነበር፣ ግን የሚናቅም አይደለም። ሐኪሙ መጀመሪያ ማስታወሻውን አየ፣ ማን ለካሽ አላት። ራሴ አለች። «በጣም ጥሩ ለክተሻል» ሲላት ቤት እስክትደርስ ፊቷ በርቶ ነበር ይላሉ። መድኃኒት ተጀመረላት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ቁጥሩ ጥሩ ሆነ ብሎ መድኃኒት የሚያቆም ሰው አለ። እኔም አድርጌው ነበር፣ አልደብቅም። ቁጥሩ ጥሩ የሆነው በመድኃኒቱ ነው። ያንን ማቆም ሐረጎን ስትወርድ መኪናው ፍጥነቱ ልክ ነው ብለህ ማርሽ አውጥተህ በፎሌ እንደ መልቀቅ ነው። መቀነስም ማቆምም ካለበት ሐኪሙ ይበል።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሁለት ወንበር አለ። መጀመሪያ እሷ ናት፣ ምክንያቱም ቁርስ ልሠራ ነው ትላለች። አምስቱን ደቂቃ አብረን ዝም እንላለን። ከተጋባን 46 ዓመታችን ነው፣ ሳንተኛና ሳንኳረፍ እንዲህ ዝም ብለን ጎን ለጎን ተቀምጠን እናውቅ እንደሆነ አላስታውስም። መጀመሪያ ትንሽ ያሳፍር ነበር። አሁን ትንሹ «እሽሽ» እያለ በመሃላችን ሲያልፍ ሳቅ ያፍናታል፣ ስትስቅ ቁጥሯ ይጨምራል፣ እኔ ነኝ የምወቀሰው። አንድ ደብተር ነው ያለን፣ በግራ ገጽ የኔ፣ በቀኝ ገጽ የሷ። ዛሬ ጠዋት የኔ 134 በ82፣ የሷ 138 በ86። የሷን በራሷ እስክሪብቶ ነው የምትጽፈው። የኔን አታይም ትላለች። ታያለች።

ልጅቷ «አባባ፣ ኮከብ ስጥ፣ ከአምስት ስንት?» ትለኛለች። አራት በይ። አንዱን የቀነስኩት በቻይንኛው ነው።